ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ነጋዴ ስለ ስልኩ ኢንተርኔት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

አንድ ነጋዴ ለሥራው ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ሲነሣ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የውጭ ምንዛሪ ሰነዱን ደጋግሞ ይመለከታል፤ የዕቃ ናሙና ካለውም በሻንጣው ያኖራል። ስልኩን ግን ዘወትር በእጁ ስላለ እንደ ተሰናዳ ይቈጥረዋል። በመርካቶና በፒያሳ ሲሠራ የዋለ ስልክ በጓንጁም፣ በዱባይም፣ በኢስታንቡልም ያለ አንዳች ዝግጅት እንደዚያው የሚሠራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስልኩ ያው ስልክ ቢሆንም ድንበር በተሻገረ ጊዜ የሚያገለግለው ኩባንያ፣ የሚከፈልበት ዋጋና የሚከፈቱለት የመልእክት መንገዶች ይለወጣሉ። ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ጥቂት ዕውቀት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ለማቅረብ የተነሣሁት፣ ዕውቀቱን በርካሽ ዋጋ ስላልገዛነው ነው።

እኔ ከአንድ አስመጪ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የማገለግል ስሆን፣ የአሠሪዬን የጉዞ ጉዳይ ማሰናዳት ከሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር መጨረሻ አሠሪዬ አዲስ ዕቃ ለመምረጥ ወደ ጓንጁ ሄዱ። በዚያው ወራት ከሌላ የቻይና ከተማ ላዘዝነው የተማሪ ቦርሳ ኤልሲ ተከፍቶ ነበር። እርሳቸው በሄዱ በሁለተኛው ቀን ላኪው ኩባንያ ለቢሮአችን ጻፈ፤ ዕቃው በኤልሲው ላይ ከተወሰነው የመጫኛ ቀን በጥቂት ቀናት የሚዘገይ ስለሆነ ቀኑ እንዲራዘም ጠየቀ። በቢሮው ውስጥ ማመልከቻ ለመፈረም ሥልጣን ያላቸው ሥራ አስኪያጅም ያለ ባለቤቱ ቃል አልፈርምም አሉ፤ ባይፈርሙም አይፈረድባቸውም።

እኔም በዋትስአፕ ጻፍሁ፤ ከጽሑፌ አጠገብ አንዲት ምልክት ብቻ ታየች፣ ሁለተኛዋ አልተከተለችም። ይህም ማለት መልእክቱ ከእኔ ዘንድ ወጥቷል፣ ለእርሳቸው ግን አልደረሰም ማለት ነው። በጂሜይል ጻፍሁ፤ መልስ የለም። ደወልሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በአራተኛው ቀን አሠሪዬ ከሆቴሉ ስልክ ደውለው፣ «ምነው ዝም አላችሁ? ደኅና ናችሁ ወይ?» አሉ። ለካ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ የቻይና ካርድ ገዝተው፣ የአዲስ አበባውን ካርድ ከስልካቸው አውጥተው በቦርሳቸው አኑረውት ኖሯል። የቻይናው ካርድ ኢንተርኔት ነበረው፤ ዋትስአፕም ጂሜይልም ግን በእርሱ አይከፈቱም። እኛ ዝም አሉን ስንል፣ እርሳቸው ደግሞ የቢሮውን ዝምታ የደኅንነት ምልክት አድርገው ተቀምጠዋል።

ማራዘሚያው ከባንክ ወጥቶ ላኪው እጅ እስኪገባ ድረስ የተያዘው መርከብ አመለጠ፤ ሌላ መርከብ እስኪገኝም አንድ ወር ገደማ አለፈ። በነሐሴ አጋማሽ ለባለ ሱቆች ልናከፋፍለው ያሰብነው ቦርሳ ከመጋዘናችን የገባው ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። ቀብድ የከፈሉን የሐዋሳና የደሴ ደንበኞች ገንዘባቸውን መልሰው ወሰዱ፤ ከዕቃው እኩሌታ የሚበልጠው ለሚቀጥለው ዓመት ተከማችቶ ቀረ። ጥፋቱ የማን ነው ቢባል ከሁሉ በፊት የእኔ ነው፤ ቲኬቱንና ሆቴሉን ሳሰናዳ ስለ ስልኩ አንድ ቃል አልተናገርሁምና።

ስልክ በሰው አገር እንዴት እንደሚታወቅ

ሲም ካርድ የምንላት ትንሽ ካርድ የደንበኛውን ማንነት የሚገልጽ ቁጥር ይዛለች። ይህ ቁጥር እኛ የምንደውልበት የስልክ ቁጥር አይደለም፤ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአገር መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ 636፣ የኬንያ 639፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 424፣ የቱርክ 286፣ የቻይና 460 ነው። አውሮፕላኑ አርፎ ስልኩ በተከፈተ ጊዜ በአካባቢው ያለው ኩባንያ ይህን ቁጥር ያነብባል፤ 636 የሚለውን ሲያይም ባለ ስልኩ እንግዳ መሆኑን ያውቃል። ወዲያውም በአዲስ አበባ ለሚገኘው ኩባንያ፣ ይህ ሰው ደንበኛችሁ ነውን? በውጭ አገር እንዲገለገልስ ፈቅዳችሁለታልን? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አዎን» ከሆነ ስልኩ ይሠራል፤ ከሆነም በኋላ ሒሳቡን ሁለቱ ኩባንያዎች ይተሳሰባሉ። ሮሚንግ የሚባለው አገልግሎት ይህ ነው።

ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአገራችን ባንክ በውጭ አገር ካለ ወኪል ባንክ ጋር የሥራ ግንኙነት ከሌለው ኤልሲው እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ፣ የስልክ ኩባንያችንም በዚያ አገር ከሚገኝ ኩባንያ ጋር የሮሚንግ ስምምነት ከሌለው ስልኩ አይሠራም። በአንድ አገር ሦስት ኩባንያዎች ቢኖሩ ስምምነቱ ከአንዱ ጋር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለድምፅ ኖሮ ለኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ ያለው ኩባንያ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ስለ ጀመረ፣ የትኛው በየትኛው አገር ከማን ጋር እንደ ተስማማ ለየብቻ መጠየቅ ያሻል። የሚጠየቀውም ሦስት ነገር ነው፤ በምሄድበት አገር የሚያገለግለኝ ኩባንያ ስሙ ማን ነው? ኢንተርኔቱ በጥቅል ነው ወይስ በሜጋባይት የሚሸጠው? አገልግሎቱስ በእኔ ቁጥር ላይ ተከፍቷልን? የሦስተኛው መልስ «አልተከፈተም» ከሆነ ከመነሣት በፊት ማስከፈት ነው፤ ከውጭ አገር ሆኖ ማስከፈት ብዙ ድካም አለበትና። ስልኩ እዚያ ሲደርስ በራሱ ፈቃድ ስምምነት የሌለውን ኩባንያ ይዞ እንዳይጋጋጥም፣ ከስልኩ ማስተካከያ ገብቶ ስሙ የተነገረንን ኩባንያ በእጅ መምረጥ ይቻላል።

ስለ ዋጋ

የሮሚንግ ኢንተርኔት ያለ ጥቅል ሲወሰድ በሜጋባይት ይከፈልበታል፤ ነጋዴም ሜጋባይት እንደ ኪሎና እንደ ሜትር በዐይኑ ስለማይታየው ይዘናጋል። እንግዲህ ልክን እንወቅ። በጽሑፍ ብቻ የሚላክ መልእክት ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢጻጻፉ ጥቂት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በዋትስአፕ በድምፅ አንድ ሰዓት ቢነጋገሩ ሠላሳ ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ፊት ለፊት እየተያዩ አንድ ሰዓት ቢነጋገሩ ግን፣ እንደ ምስሉ ጥራት፣ ሦስት መቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሜጋባይት 5 ብር ቢሆን፣ በድምፅ የተደረገው ንግግር 150 ብር ሲፈጅ በምስል የተደረገው 1,500 ብር ይፈጃል ማለት ነው። የእውነተኛው ዋጋ ልክ በየአገሩና በየጊዜው የተለያየ ስለሆነ ከኩባንያው መጠየቅ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዐሥር እጥፍ ልዩነት ግን በማናቸውም ዋጋ አይቀርም።

ከዚህ የከፋው ሰው ሳያውቀው የሚያልቀው ነው። ስልክ በኪስ ሆኖ ሳለ በራሱ ጊዜ መተግበሪያዎችን ያድሳል፤ በናሙና ክፍል ውስጥ ያነሣናቸውን ፎቶግራፎች ወደ መጠባበቂያ ማኅደር ይልካል፤ በቴሌግራም ቡድኖች የሚለቀቀውን ቪዲዮ ሁሉ ያወርዳል። አሠሪዬ አንድ ጊዜ አንድም ቃል ሳይጻፉ ሒሳባቸው ያለቀባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመተግበሪያዎችን ዕድሳትና የፎቶግራፍ ማኅደሩን በዋይፋይ ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ፣ የዋትስአፕንና የቴሌግራምን ራስ በራስ ማውረድም መዝጋት ያስፈልጋል።

ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበሩት ጸሐፊ ትተውት በሄዱት ፋይል ውስጥ የአሮጌ ቴሌግራሞች ቅጂ አለ። በዚያ ዘመን ቴሌግራም በቃል ቁጥር ይከፈልበት ስለ ነበረ የንግድ ሰዎች ሰላምታውን ሁሉ ትተው፣ የዕቃውን ስም፣ ዋጋውንና ቀኑን ብቻ በስድስት በሰባት ቃል ያስተላልፉ ነበር። በሮሚንግ ላይ ላለ ነጋዴ ያ ልማድ ዛሬም ቢሆን አይጎዳውም።

የሰው አገር ካርድ መግዛት

ሁለተኛው መንገድ በደረሱበት አገር ካርድ መግዛት ነው። ብዙ ቀን ለሚቈይና ብዙ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሮሚንግ ይረክሳል። ፓስፖርት ይጠየቃል፤ በቻይና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ የገዢው ፊትም በመሣሪያ ተነሥቶ ይመሳከራል። ሻጩ ካርዱን በስልኩ አግብቶ፣ አንድ ገጽ ከፍቶ ካላሳየን ከመስኮቱ መራቅ አይገባም፤ አንዳንድ ካርድ የኢንተርኔት መግቢያ ስሙ በእጅ ካልተጻፈለት አይሠራም፣ ይህንም ሻጩ በአንድ ደቂቃ ሲያደርገው እኛ በሆቴል ተቀምጠን ሌሊቱን ሁሉ አናገኘውም።

እዚህ ላይ የአሠሪዬ ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። የሰው አገር ካርድ ሲገባ የአገራችን ካርድ ከስልኩ መውጣት የለበትም። ባንኮቻችን ገንዘብ ለማንቀሳቀስ የሚልኩት የአንድ ጊዜ የምስጢር ቁጥር የሚመጣው በአገር ቤቱ ቁጥር በአጭር መልእክት ነው፤ ካርዱ በቦርሳ ውስጥ ከተኛ ቁጥሩም አይመጣም፣ ነጋዴውም በገዛ ገንዘቡ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በገበያችን ከሚሸጡት ስልኮች ብዙዎቹ ሁለት ካርድ የሚይዙ ስለሆኑ መፍትሔው ቀላል ነው። የአገራችን ካርድ በአንደኛው ቦታ ይቈያል፤ ሮሚንጉ ለድምፅና ለአጭር መልእክት ክፍት ይሆናል፤ ኢንተርኔቱ ግን በዚያ ካርድ ላይ ይዘጋል። የሰው አገሩ ካርድ በሁለተኛው ቦታ ገብቶ ኢንተርኔቱን ይሸከማል። አጭር መልእክት መቀበል ብዙውን ጊዜ የማይከፈልበት ሲሆን፣ የመጣ ስልክ ማንሣት ግን በሮሚንግ ላይ ተቀባዩንም ያስከፍላል፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ ከደላላ ጋር በስልክ ሲከራከር የቈየበትን ኋላ ከሒሳቡ ያገኘዋል። ሒሳቡ ቢያልቅበት ቢሮው ከዚህ ሆኖ በቴሌብር የአየር ሰዓት ሊሞላለት ይችላል።

ስለ ዋትስአፕና ስለ ቴሌግራም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ አዲስ ካርድ ካስገባሁ ቁጥሬ ይለወጣልን? የሚል ነው። አይለወጥም። መተግበሪያው የተመዘገበው በአገር ቤቱ ቁጥር ስለሆነ፣ ኢንተርኔቱ ከየትም ካርድ ቢመጣ ደንበኞች በቀድሞው ቁጥር ያገኙናል። ስልኩ «ቁጥርህ ተለውጧልን?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ችኩል ጣት «አዎን» ብላ እንዳትነካ መጠንቀቅ ነው። መተግበሪያውንም በውጭ አገር ሳሉ ማጥፋትና እንደገና መጫን አይበጅም፤ ያን ጊዜ የምስጢር ቁጥር ይጠየቃልና።

ካርድ ስለሌለው ካርድ

ሦስተኛው መንገድ ኢ-ሲም የሚባለው ነው። ይህ በእጅ የሚዳሰስ ካርድ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ የሚጻፍ ነው፤ ከሻጩ የተላከውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ካሜራ በማንበብ ይገባል። ጥቅሙ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ መግዛትና ማስገባት መቻሉ፣ የአገራችን ካርድም ከቦታው አለመነቃነቁ ነው። ሻጮቹ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ስለሚጠይቁ በዚህ የሚቸገር ነጋዴ፣ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ያለ ዘመድ ገዝቶ የኮዱን ሥዕል ቢልክለት ይሠራለታል። ኮዱ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜና ለአንድ ስልክ ስለሆነ፣ እንየው ብሎ በሌላ ስልክ መሞከር ገንዘብ ማጥፋት ነው። በዋይፋይ ላይ ሆኖ በሰላም ቀን ማስገባት ይሻላል፤ ኮዱም በሚገባበት ስልክ ላይ ሳይሆን በወረቀት ታትሞ ወይም በሌላ ስልክ ላይ ይቀመጥ፣ ስልክ የራሱን ገጽ በራሱ ካሜራ ሊያነብብ አይችልምና።

አንዲት ነገር ብዙ ሰው ታሳስታለች። ከላይ በአገራችን ካርድ ላይ የሮሚንግ ኢንተርኔት ይዘጋ ብያለሁ። የመንገደኛ ኢ-ሲም ግን አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ራሱ የሌላ አገር ኩባንያ እንግዳ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የሮሚንግ ኢንተርኔት ካልተከፈተ አይሠራም። ሁለቱን ሳይለይ ሁሉን የዘጋ ሰው «አታለሉኝ» ይላል፤ ሁሉን የከፈተ ደግሞ ሒሳቡን ያያል። በማስተካከያው ውስጥ የየካርዱን ስም በአማርኛ፣ አንዱን «አገር ቤት» ሌላውን «መንገድ» ብሎ መሰየም ስሕተቱን ይቀንሳል።

ስልክ ሁሉ ኢ-ሲም አይቀበልም። ይህን ለማወቅ *#06# ብሎ መደወል ነው፤ ከሚታዩት ቁጥሮች መካከል 32 አኃዝ ያለውና ኢአይዲ የተባለ ቁጥር ከተገኘ ስልኩ ይቀበላል። ስልክ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ አንባቢዎችም ይህ ነገር የዕቃ ጉዳይ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከአይፎን 14 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች የካርድ ማስገቢያ ስለሌላቸው በኢ-ሲም ብቻ ይሠራሉ፤ ለዋናው ቻይና ገበያ ሲሠሩ የቈዩት አይፎኖች ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ካርድ ይይዛሉ እንጂ ኢ-ሲም አይቀበሉም። ከአሜሪካ በኮንትራት የተገዛ ስልክም ለአንድ ኩባንያ ተቈልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ቈላፊው ኩባንያ ካልፈታው በስተቀር የሌላ ኩባንያ ካርድ አይቀበልም። ስልክ ለመንገደኛ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ይህን ሳይናገር ቢሸጥ፣ ደንበኛው ከኢስታንቡል ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው።

በየአገሩ ያለው ልዩ ነገር

ቻይናን በብዛት የምንመላለስባት ስለሆነች ሰፋ አድርጌ ልናገር። በቻይና ኢንተርኔት ላይ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ እንዲሁም የጉግል ሥራዎች ሁሉ፣ ይኸውም ጂሜይል፣ ካርታውና አስተርጓሚው፣ ታግደዋል። እገዳው የሚሠራው በአገሩ ካርድና በአገሩ ዋይፋይ፣ በሆቴሉም በፋብሪካውም ጭምር ነው። በሮሚንግ የሚጠቀም ሰው ኢንተርኔት ግን እንደ ደንቡ ተመልሶ በአገሩ ኩባንያ በኩል ስለሚወጣ፣ የታገዱት መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይከፈቱለታል። ከቻይና ውጭ ባለ ኩባንያ የወጣ ኢ-ሲምም እንዲሁ ነው። አሠሪዬ ያን ጊዜ የአዲስ አበባውን ካርድ ባያወጡትና ጥቂት የሮሚንግ ጥቅል ቢኖራቸው ኖሮ፣ መልእክቴ በዚያው ቀን ይደርሳቸው ነበር። ቪፒኤን የሚባለውን መሸሸጊያ ብዙ ሰው ይመክራል፤ ነገር ግን ያልተፈቀደው በአገሩ ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ በተፈለገ ሰዓት የሚቋረጥ ስለሆነ ሥራ አይጣልበትም።

የቻይና ነጋዴ የሚጻጻፈው በዊቻት ነው፤ ዊቻት በአዲስ አበባም በጓንጁም ስለሚሠራ በቢሮና በመንገደኛው መካከል ሁለተኛ መንገድ ሆኖ ያገለግላል። አዲስ ተመዝጋቢን ግን አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው እንዲመሰክርለት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ምዝገባው ከጉዞው ሳምንት በፊት፣ ዊቻት ያለው ወዳጅ አጠገብ ሳለ ቢፈጸም መልካም ነው። የሆቴሉንና የፋብሪካውን አድራሻ በቻይና ፊደል በወረቀት ይዞ መሄድም ያስፈልጋል፤ የጉግል ካርታ ላይከፈት ይችላልና፣ የታክሲ ነጂውም የላቲኑን ጽሕፈት ላያነብብ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይና በበልግ በሚደረገው የካንቶን ትርኢት የሚገኙ ነጋዴዎች ይህን በተለይ ያስቡበት፤ አዳራሹ እጅግ ሰፊ ስለሆነ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች ያለ ስልክ መልእክት ተፈላልገው አይገናኙም።

በዱባይ የጽሑፍ መልእክቱ ይሠራል፤ በዋትስአፕ መደወል ግን በአገሩ ኢንተርኔት ላይ አይሠራም። ፎቶግራፍና ጽሑፍ ስለሚያልፉ ብዙ ነጋዴ ችግሩን የሚያውቀው ለአስቸኳይ ጉዳይ ሲደውል ነው። በአገሩ የተፈቀዱ ሌሎች የመደወያ መተግበሪያዎች አሉ፤ ቢሮውም መንገደኛውም አንዱን አስቀድመው መጫንና መሞከር አለባቸው።

ወደ ኢስታንቡል ሄዶ ከላሌሊ ልብስ የሚያስመጣ ነጋዴ በመተግበሪያዎቹ ብዙ አይቸገርም። በቱርክ ሊያውቀው የሚገባው፣ ከውጭ የገባ ስልክ በቱርክ ካርድ ሲሠራ ከ120 ቀን በኋላ ካልተመዘገበ የሚዘጋ መሆኑን ነው፤ ይህም ለጥቂት ቀን የሄደውን አይነካም፣ ወኪል ሆኖ የሚቀመጠውን ግን ይነካል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የብዙ ኢ-ሲም ሻጮች ድረ-ገጾች በዚያ አገር ስለ ተዘጉ፣ ኢ-ሲም የሚፈልግ ሰው ከመነሣቱ በፊት ገዝቶ ማስገባት ይገባዋል።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ቡና ላኪ ከሁሉ ይልቅ ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በአንዱ አገር የተገዛ ካርድ በሌሎቹም የኅብረቱ አገሮች በአገሩ ዋጋ ይሠራል፤ ሕጉም እስከ 2032 ድረስ ተራዝሟል። ሐምቡርግ የተገዛ ካርድ እንግዲህ ትሪየስቴ ድረስ ያደርሳል። ስዊስና እንግሊዝ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አይደሉም፤ ከጀርመን ወደ ጄኔቭ በባቡር የሚሻገር ሰው ድንበሩን ስልኩ ሳይነግረው ሊያልፍ ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ዋይፋይን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። የሆቴል ዋይፋይ ትልቅ ፋይል ለማውረድና ፎቶግራፍ ለመላክ ጥሩ ነው። በአውሮፕላን ጣቢያና በቡና ቤት ያለው ክፍት ዋይፋይ ግን ስሙን ማንም ሰው አስመስሎ ሊያወጣው ስለሚችል የባንክ ሥራ አይሠራበትም። በብዙ ቦታም ለመግባት በአጭር መልእክት የሚላክ ቁጥር ይጠየቃል፤ ካርዱን ያወጣ ሰው እዚህም ላይ ይቀራል።

ቢሮው ስለሚያደርገው

መንገደኛው የቱንም ያህል ቢሰናዳ ቢሮው ካልተሰናዳ ግማሽ ሥራ ነው። ጓንጁ ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። እኛ ከጠዋቱ በ2፡30 ቢሮ ስንከፍት በዚያ በእኛው አቈጣጠር ከቀኑ 7፡30 ሆኗል፤ እኛ ለምሳ ስንወጣም የቻይናው ኩባንያ በሩን ሊዘጋ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ በጋራ የምንሠራበት ጊዜ ያው የእኛ ረፋድ ብቻ ነው ማለት ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ ኢስታንቡል እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናት። በእኛ ቢሮ ዛሬ ያለው ደንብ፣ አሠሪዬ ቻይና ሲሆኑ በየቀኑ ልክ በ3 ሰዓት «አለሁ» ብለው መጻፍ ነው። እስከ 4 ሰዓት ካልጻፉ በዊቻት እጠይቃለሁ፤ ከዚያም ካልተገኙ ወደ ሆቴሉ እደውላለሁ። ሁለት ቀን አይጠበቅም።

ሌላው ነገር ስለ ገንዘብ ነው። ባለቤቱ መንገድ ላይ መሆኑን የሚያውቁ አታላዮች የላኪውን ኩባንያ ስም ተመስለው፣ «የባንክ ሒሳባችን ስለ ተለወጠ ክፍያው ወደዚህኛው ይሁን፤ አስቸኳይ ነው» እያሉ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእኛም ደርሶናል፤ የኩባንያው አርማ አለበት፣ የኢሜይል አድራሻው ከእውነተኛው የሚለየው በአንዲት ፊደል ነበር። ያን ጊዜ አሠሪዬ በኢንተርኔት ላይ ስለ ነበሩ ደብዳቤውን ፎቶግራፍ አንሥቼ ላክሁላቸው፤ እርሳቸውም ፋብሪካው ቅጥር ውስጥ ቆመው ባለቤቱን በአፍ ጠየቁ። ሒሳቡ አልተለወጠም ነበር። ስለዚህ ከጉዞ በፊት በመንገደኛውና በቢሮው መካከል ስምምነት መኖር አለበት፤ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በጽሑፍ ብቻ አይፈጸምም፣ የባለቤቱ ድምፅ ተሰምቶ፣ ቀድሞ በእጃችን በነበረው የላኪው ስልክም ተደውሎ ካልተረጋገጠ በስተቀር።

ኤልሲ የተከፈተበት ጉዳይ ካለም፣ የመጫኛ ቀኑ ከጥቂት ቀናት ያልበለጠ እንዲራዘም ሥራ አስኪያጁ በራሳቸው ሥልጣን እንዲፈርሙ የውክልና ወረቀት ከጉዞው በፊት ይጻፋል። ይህ የስልክ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ስልክ ሁሉ የሚቋረጥበት ቀን ይኖራልና።

መንገደኛው በተመለሰ ቀን የሚደረግ ጥቂት ሥራ ይቀራል። በአገር ቤቱ ካርድ ላይ የተዘጋው ኢንተርኔት ተመልሶ ይከፈታል፤ የሮሚንግ ጥቅሉ በየጊዜው ራሱን የሚያድስ ከሆነ ይቋረጣል፤ ቀን ያለፈበት ኢ-ሲም ከስልኩ ይሰረዛል፤ በሰው አገር የተገዛውም ካርድ ሊመለስበት ላሰበ ሰው፣ የሚያልፍበት ቀን በላዩ ተጽፎበት ከፓስፖርቱ ጋር በፖስታ ውስጥ ይቀመጣል።